አስትሮይድን ከመዝገቡ ማንበብ

የአስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል፣ መዝገብ ስትከፍቱ ዓይናችሁ መጀመሪያ ስሙ ላይ ያርፋል። የኔ ግን እንደተገኘ ወደሚሰጠው ጊዜያዊ መጠሪያ ነው የሚሮጠው፤ ብዙ ነገር የምትናገረው እሷ ናትና። ቴሌስኮፕ አያስፈልጋችሁም። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

1193 አፍሪካን እንያዝ። አዎ፣ በአህጉሪቱ ስም የተጠራ አስትሮይድ አለ። የናሳው ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለማንም ክፍት ባደረገው የትናንሽ የሰማይ አካላት ዳታቤዝ ላይ ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ ፈልጉ።

ጊዜያዊ መጠሪያው «1931 ኤችቢ» ነው። 1931 በፈረንጆቹ የተገኘበት ዓመት ነው። ኤች የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ ግማሽ ወሩን ይነግራችኋል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 15 ኤ፣ ከ16 እስከ ወሩ መጨረሻ ቢ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በጣት መቁጠር ይሰለቸኛል፤ ስለዚህ የፊደሉን ተራ ቁጥር ለሁለት አካፍላለሁ። ኤች 8ኛ ነው፤ ሲካፈል 4፣ ማለትም ኤፕሪል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ የወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ጎዶሎ ከሆነ አንድ ጨምሩና አካፍሉ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ነው ማለት ነው። ብቻ አይ የሚባለው ፊደል ከ1 ቁጥር ጋር እንዳይምታታ ተዘሏል። 9ኛው ጄ ነው።

ሁለተኛዋ ፊደል ተራ ናት። ቢ ማለት በዚያ አጋማሽ የተመዘገበ ሁለተኛው። ዛሬማ 25ቱ ፊደላት ወዲያው ነው የሚያልቁት። በአዳዲሶቹ መጠሪያዎች ጫፍ ላይ የምታዩት ቁጥር ፊደላቱ ስንት ዙር እንደሄዱ ያሳያል።

አሁን አመሳክሩ። ሲሪል ጃክሰን ይህን አስትሮይድ ጆሃንስበርግ በነበረው ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ ያገኘው ኤፕሪል 24 ቀን 1931 ነው። ገጠመ!

1193 የሚለው ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምህዋሩ በአስተማማኝ ሁኔታ ከታወቀ በኋላ ነው። አንዴ ታይቶ መጥፋት ቀላል ነዋ። ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጁሴፔ ፒያዚ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ፓሌርሞ ላይ የመጀመሪያዋን አስትሮይድ ሴሬስን አገኛት፤ ብዙም ሳይቆይ በፀሐይ ብርሃን ተሸፈነችበት። የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ከነበሩት ጥቂት ምልከታዎች ምህዋሯን አሰላ፤ በዓመቱ መጨረሻም እሱ ባለው አካባቢ ተገኘች።

ስሙን በአጭሩ ልለፈው። የመጠቆም መብት የአግኚው ነው፤ ቁጥር ከተሰጠ በኋላ ለ10 ዓመት። ከ16 ፊደል አይበልጥም። የፖለቲከኛና የወታደር ስም ከሞቱ 100 ዓመት ካልሞላ አይፈቀድም። የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስም አውጪ ቡድን ነው። «ከፍላችሁ በስማችሁ አስትሮይድ እናስጠራ» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ስም አይሸጥም።

ወደ ምህዋሩ እንሂድ። እኔን የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። ከሰንጠረዡ ሁለት ቁጥር ውሰዱ። አንደኛው ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ነው፤ የመሬትን ርቀት 1 ብለን ስንለካ 2.65። ይህን በራሱ ስኩዌር ሩት አባዙት፦ 2.65 በ1.63፣ 4.3 ይመጣል። አፍሪካ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 4.3 ዓመት ይፈጅበታል። የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ይኸው ነው።

ሁለተኛው የምህዋሩ ሞላላነት ነው፤ 0.12። ዜሮ ቢሆን ፍጹም ክብ ነበር። 2.65ን በ0.88 አባዙት፤ ለፀሐይ በጣም ሲቀርብ 2.33 ነው። በ1.12 አባዙት፤ ሲርቅ 2.97። ማርስ 1.5 ላይ፣ ጁፒተር 5.2 ላይ ናቸው። ስለዚህ የኛው አስትሮይድ በሁለቱ መካከል ካለው የአስትሮይዶች ዋና ቀበቶ ውልፍት አይልም።

ከዚያ ደግሞ 2.5 የሚለውን ርቀት በዚሁ ዘዴ አስሉት። 3.95 ዓመት ይወጣል። በ3 ስታባዙት 11.86 አካባቢ፣ ማለትም የጁፒተር አንድ ዙር ነው። እዚያ ርቀት ላይ ያለ አስትሮይድ ሦስት በዞረ ቁጥር ጁፒተር በተመሳሳይ አቅጣጫ ደጋግሞ ይስበዋል። ምህዋሩ እየሞለለ ሄዶ በመጨረሻ ከቀበቶው ይወጣል። እንዲህ ባዶ ከሚቀሩት የኪርክዉድ ክፍተቶች ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ካላመናችሁኝ በዳታቤዙ ላይ አስትሮይዶችን በአማካይ ርቀታቸው አስደርድሩና 2.5 አካባቢ ስንት እንደቀሩ ቁጠሩ።