በክርን ላይ የተበጠሰ የባይሴፕስ ጅማት፦ እንዴት ይለያል? እንዴት ይታከማል?

ከባድ ዕቃ ከሰው ጋር ተጋግዘው ሲያነሱ ሌላኛው ሰው ድንገት ለቀቀው እንበል። ክብደቱ በሙሉ በታጠፈው ክንድዎ ላይ ያርፋል፤ እንዳይወድቅ ሲታገሉ ክንድዎ በግድ ይዘረጋል፤ ከክርንዎ ፊት ለፊት «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ ወይም የሆነ ነገር ሲበጠስ ይታወቅዎታል። የባይሴፕስ ጅማት ከክርን ላይ የሚበጠሰው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ኃይለኛው ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል፣ ክንዱም መታጠፉን አይተውም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ምክንያት ነው። ጅማቱን ያለ ብዙ ችግር ወደ ቦታው መመለስ የሚቻለው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ባይሴፕስ ክንድ ሲታጠፍ ከፊት ጎልቶ የሚወጣው ጡንቻ ነው። በትከሻ በኩል በሁለት ጅማቶች ይያያዛል፤ በክርን በኩል ያለው ግን አንድ ጅማት ብቻ ነው። እሱም የክርንን መታጠፊያ አልፎ፣ በአውራ ጣት አቅጣጫ ባለውና ራዲየስ በሚባለው አጥንት ላይ ይተከላል። በትከሻ በኩል አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞ ያቆየዋል፤ በክርን በኩል ሲበጠስ ግን ተተኪ የለውም።

የዚህ ጡንቻ ትልቁ ሥራ መዳፍን ወደ ላይ ማዞር ነው። በቀኝ እጅ ብሎን ስናጠብቅ ወይም ቁልፍ ወደ ቀኝ ስናዞር የሚሠራው እሱ ነው። ክርንን ለማጠፍ ግን ከሥሩ ብራኪያሊስ የሚባል ሌላ ብርቱ ጡንቻ አለ። ስለዚህ «ክንዴ ይታጠፋል፤ እንግዲያውስ አልተበጠሰም» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

ጉዳቱ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ወንዶች፣ አብዛኛውን ጊዜም በሚሠሩበት ክንድ ላይ ነው። ሲጋራ ማጨስ ጅማቱን ያዳክማል፤ ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰዱ ስቴሮይዶችም እንዲሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰል አንቲባዮቲኮችም ጅማት የመበጠስ አደጋን ስለሚጨምሩ፣ በቅርቡ ወስደው ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ሥራውን ወዲያው ያቁሙ። ክርንዎን ወደ 90 ዲግሪ አጥፈው በነጠላ ወይም በሻሽ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ያስቀምጡ፤ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይድገሙት። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ቆዳውን ይጎዳል። ለሕመሙ አንድ አዋቂ የ500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል የሚያበዛ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ወጌሻ ዘንድ ሄደው አይታሹ። ተበጥሶ ወደ ላይ የሸሸ ጅማት በመታሸትም ሆነ በመጎተት ወደ አጥንቱ አይመለስም። መታሸቱ የሚደማውን ቦታ ይበልጥ ያሳብጣል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን ሊያግድ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የሚባክነው ጊዜ ነው።

እጅዎ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ጣቶችዎ ከደነዘዙ ወይም እብጠቱ እየጠነከረ ከሄደ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ መበጠሱን መለየት

መጀመሪያ ሁለቱን ክንዶች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይመልከቱ። ጡንቻው ወደ ትከሻ ተሰብስቦ ከክርን በላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ከተወ፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ከክርኑ ፊት ለፊት እስከ ታችኛው ክንድ ድረስ የበለዘ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ወፍራም ክንድ ላይ ወይም ብዙ እብጠት ሲኖር ይህ ቅርፅ ላይታይ ይችላል።

ከዚያ የጣት ፍተሻውን ያድርጉ። ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም፤ በትክክል ከተሠራም በጣም አስተማማኝ ነው። የተጎዳው ሰው ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ መዳፉን በራሱ ኃይል ወደ ላይ ያዙር፤ እንደዞረም ይያዘው። መርማሪው ጠቋሚ ጣቱን እንደ መንጠቆ አጥፎ፣ ከክርኑ መታጠፊያ የውጭ ጎን ማለትም ከአውራ ጣት በኩል፣ ወደ ውስጥ ያስገባል። ጅማቱ ካልተበጠሰ እንደተወጠረ ገመድ ይዳሰሳል፤ ጣቱም ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል። ምንም የሚያዝ ገመድ ከሌለ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል። በጤነኛው ክንድ ላይም ያንኑ አድርገው ያወዳድሩ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጣታቸውን ከውስጥ ጎን ሲያስገቡ ነው። በዚያ በኩል ከባይሴፕስ ተነስቶ በታችኛው ክንድ ላይ የሚዘረጋ ስስ ሽፋን አለ፤ ጅማቱ ተበጥሶም ሽፋኑ ሊተርፍ ስለሚችል ጣት ሲይዘው «ደህና ነው» ያሰኛል። ይኸው ሽፋን ጡንቻውንም ወደ ላይ እንዳይሸሽ ሊይዘው ይችላል።

ገመዱ ካለ፣ ግን ሲነካ ወይም መዳፍ ሲዞር የሚያም ከሆነ፣ በከፊል ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል ይህም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ደረጃ 3፦ ምርመራ

በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ የአጥንት ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ። ራጅ የሚነሣው ስብራት አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው፤ ጅማት በራጅ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ተብለው ቢሰናበቱ፣ የጣት ፍተሻው ግን መበጠሱን ካሳየ፣ ጅማቱ እንዲታይ ይጠይቁ። አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ወጪውም ከኤምአርአይ ያነሰ ነው። ኤምአርአይ በተለይ የሚጠቅመው በከፊል የተቀደደውን ለመለካትና ጅማቱ ምን ያህል እንደሸሸ ለማየት ነው። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ የኤምአርአይ ቀጠሮ እየጠበቁ ሳምንታት ማሳለፍ ተገቢ አይደለም።

ደረጃ 4፦ በቀዶ ሕክምና ወይስ ያለ ቀዶ ሕክምና?

ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት ራሱን ችሎ ከአጥንቱ ጋር አይገጥምም። ሳይሰፋ ከቀረ መዳፍን ወደ ላይ የማዞር ኃይል ወደ 40 በመቶ፣ ክርንን የማጠፍ ኃይል ደግሞ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ ክንዱም ሥራ ሲደጋገም ቶሎ ይዝላል። ለመካኒክ፣ ለአናጢ፣ ለጫኝና አውራጅ ወይም ክብደት ለሚያነሣ ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ይመከራል። በዕድሜ የገፋ፣ ከባድ ሥራ የማይሠራ ወይም ማደንዘዣ የሚያሰጋው ሕመም ያለበት ሰው ግን ያለ ቀዶ ሕክምና በፊዚዮቴራፒ ዕለታዊ ኑሮውን መምራት ይችላል።

በከፊል የተቀደደ ከሆነ በመጀመሪያ በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይሞከራል። ወራት አልፈው ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ወይም ከጅማቱ ውፍረት ከግማሽ በላይ ከተቀደደ፣ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል።

አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጅማቱ ያጥራል፣ ከዙሪያው ሥጋ ጋርም በጠባሳ ይጣበቃል። ያኔ አንዳንድ ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ ከጉልበት በስተኋላ፣ ጅማት ወስዶ ማስቀጠል ግድ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ቀዶ ሕክምናው

ሐኪሙ ከክርን በታች በፊት በኩል ይከፍታል፤ አንዳንዶች ከኋላ ሁለተኛ ቀዳዳ ይጨምራሉ። የሸሸውን ጅማት ስቦ ጫፉን በጠንካራ ክር ይሰፋል፤ ራዲየስን በስቶ የሸሚዝ ቁልፍ በሚመስል ትንሽ ብረት ወይም በአጥንት ውስጥ በሚተከል ማሰሪያ ያስረዋል። በብዛት የሚከሰተው ችግር በታችኛው ክንድ የውጭ ጎን ቆዳው መደንዘዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። ጣቶችንና አውራ ጣትን ቀና ማድረግ ካቃተ ግን ሌላ ነርቭ ተነክቷል ማለት ስለሆነ ወዲያው ለሐኪሙ ያሳውቁ። ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ መግልም እንዲሁ ቀጠሮ የሚጠበቅበት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ማገገም

ቀኖቹ እንደ ሐኪሙና እንደ ጅማቱ ሁኔታ ይለያያሉ፤ የተለመደው አካሄድ ግን ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክርኑ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ በጀሶ ወይም በመደገፊያ ይቀመጣል፤ ጣት፣ አንጓና ትከሻ ግን በየቀኑ ይንቀሳቀሳሉ። ስፌቱ ከወጣ በኋላ በሚታጠፍ መደገፊያ ክርኑ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ዲግሪ እየተዘረጋ፣ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። መዳፉን በጤነኛው እጅ እየረዱ ያዞሩታል።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠፍቶ ክንዱ የዳነ ይመስላል፤ ጅማቱን የያዘው ግን ገና ክሩ ነው፤ ከአጥንቱ ጋር አልተዋሐደም። ልጅ ማንሣት፣ ጄሪካን ማንጠልጠል ወይም የተጣበቀ በር መሳብ እንደገና ሊበጥሰው ይችላል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ከሻይ ሲኒ የከበደ ነገር በዚያ እጅ አያንሡ።

ከስምንተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲፈቅድ፣ በግማሽ ኪሎ ይጀመራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ወደ ከባድ ሥራና ወደ ጂም መመለስ የሚቻለው ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ክንድ የተበጠሰበት ሰው ሌላኛውም የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት የማንሣት ስፖርት) ሲሠራ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት አዙሮ የመያዝ ልማዱን ይተው፤ ሁለቱም መዳፎች ወደ ሰውነት ይዙሩ።