አይከኑ አልከፍት ሲል፦ ፕሮግራምን ከሊኑክስ ተርሚናል ማስነሳት

አይከኑን ክሊክ አደረጋችሁ፣ ጠቋሚው ትንሽ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ምንም የለም። ፕሮግራሙ ለምን እንዳልተከፈተ ዴስክቶፑ አይነግራችሁም። ያው ፕሮግራም ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ ከተርሚናል፣ ሲነሳ ግን የቸገረውን ሁሉ እዚያው ከትእዛዙ ሥር ይዘረግፈዋል። ፕሮግራምን በስሙ ጠርቶ ማስነሳት መልመድ በዋናነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ፍጥነቱ ምርቃት ነው።

ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ስትጫኑ ተርሚናሉ ይከፈታል። ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ዴስክቶፕም በዚሁ አቋራጭ ኮንሶል የተባለውን የራሱን ተርሚናል ያመጣል። ፌዶራ ላይ አቋራጩ ተዘጋጅቶ አይመጣም፤ ሱፐር የሚባለውን፣ ብዙ ኪቦርዶች ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ተርሚናል ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣው መስመር የተጠቃሚ ስማችሁን፣ የኮምፒውተሩን ስምና ያላችሁበትን ፎልደር ያሳይና በ $ ያልቃል። ~ የራሳችሁ ሆም ፎልደር ነው። በ $ ፈንታ # ካያችሁ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ገብታችኋል ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ ኤግዚት ብላችሁ ውጡ።

እዚህ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት አስቀምጠናቸዋል። ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ ካልተባለ በስተቀር ሁሉም በትንንሹ። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ስለሚያይ ፋየርፎክስን በትልቅ ኤፍ ከጀመራችሁት አያውቀውም።

አማርኛ ኪቦርድ የጫነ ሰው ደግሞ ሌላ መሰናክል አለበት። የፋይሎችን ዝርዝር ለማየት ኤል እና ኤስን መትታችሁ ስክሪኑ ላይ «ልስ» ከወጣ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው። ኢንተር ስትሉ «ልስ፦ ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ይላችኋል። ግኖም (ኡቡንቱና ፌዶራ ይዘውት የሚመጡት ዴስክቶፕ) ላይ ሱፐርና ስፔስን አንድ ላይ ተጭናችሁ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ነጠላ ሰረዙም፣ ጥቅሱም፣ ነጥቡም ከአማርኛው ኪቦርድ ከመጣ ተርሚናሉ አይገባውም።

የፕሮግራሙን ትክክለኛ ስም ማግኘት

ፋየርፎክስ፣ ቪኤልሲ፣ ጊምፕ፦ እነዚህ ሜኑው ላይ የሚታየው ስማቸውና ትእዛዛቸው አንድ ነው። ስሙን ጽፋችሁ ኢንተር ማለት ይበቃል። ችግሩ ያለው ዴስክቶፑ በሌላ ስም የሚጠራቸው ላይ ነው። ኡቡንቱ ላይ «ፋይልስ» የሚባለው ፕሮግራም ትእዛዙ ኖቲለስ ነው፤ ኤን፣ ኤ፣ ዩ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል፣ ዩ፣ ኤስ ተብሎ ይጻፋል። ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ ባለው ሚንት ላይ ቦታውን የያዘው ኔሞ ነው፤ የጽሑፍ ማረሚያው ደግሞ ኤክስ፣ ኢ፣ ዲ የሚሉት ሦስት ፊደሎች ብቻ ናቸው። የሊብሬኦፊስ ጽሑፍ መጻፊያ «ሊብሬኦፊስ --ራይተር» ተብሎ ይነሳል፤ በሁለቱ ጭረቶች መካከል ክፍተት የለም፣ ከነሱ በፊት ግን አለ።

ስሙ ካልታወቃችሁ አትገምቱ። ሜኑው ላይ ያለው እያንዳንዱ አይከን ከበስተጀርባው መጨረሻው «.ዴስክቶፕ» የሆነ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። አብዛኞቹ የሚገኙት /ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ ውስጥ ነው። ካልኩሌተርን ለማግኘት እንዲህ በሉ፦

ግሬፕ -አርአይ ካልኩሌተር /ዩኤስአር/ሼር/አፕሊኬሽንስ

ከሚወጡት መስመሮች ውስጥ «ኤግዜክ=» የሚለውን ፈልጉ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለው ትእዛዙ ነው፤ ግኖም ላይ «ግኖም-ካልኩሌተር» ሆኖ ታገኙታላችሁ። መጨረሻው ላይ % እና አንድ ፊደል ከተከተለ እሱን ተዉት፤ ዴስክቶፑ የፋይል ስም የሚሰካበት ቦታ ነው። ረጅም ስም ሙሉውን መጻፍም አያስፈልግም፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደሎች ጻፉና ታብ ተጫኑ፣ ቀሪውን ራሱ ይሞላል። ካልሞላ ታብን ሁለቴ ምቱት፣ በዚያ የሚጀምሩትን ይደረድርላችኋል።

ፍላትፓክ በሚባለው የመጫኛ ዘዴ የተጫነ ፕሮግራም ግን በአጭር ስሙ ሲጠሩት አይመጣም። «ፍላትፓክ ሊስት --አፕ» ብላችሁ መለያውን ተመልከቱ፣ ከዚያ «ፍላትፓክ ራን» ከሚለው ቀጥሎ መለያውን እንዳለ አስቀምጡ። መለያው ውስጥ ትልልቅ ፊደሎች ስላሉ በእጅ ከመጻፍ ኮፒ ማድረግ ይሻላል። ተርሚናል ላይ ኮፒ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ነው፤ ፔስት ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ። ሺፍቱን ረስታችሁ ኮንትሮልና ሲን ብቻ ከተጫናችሁ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም ታስቆሙታላችሁ። ስናፕ በሚባለው ሌላ ዘዴ የተጫኑት ይህ ጣጣ የለባቸውም፤ ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስን የሚያቀርበው በስናፕ ነው፣ በስሙ ስትጠሩት ይመጣል።

ተርሚናሉን ሳይዙ ማስነሳት

ጊምፕ ብላችሁ ስታስነሱ መስኮቱ ይከፈታል፣ ተርሚናሉ ግን ተይዞ ይቀራል፤ ጊምፕ እስኪዘጋ ሌላ ትእዛዝ አይቀበልም። መፍትሔው መጨረሻው ላይ & መጨመር ነው፦

ጊምፕ &

ወዲያው «[1] 4321» የሚመስል ነገር ይወጣል። 1 በዚህ ተርሚናል ውስጥ ያለው የሥራ ቁጥር ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ለፕሮግራሙ የሰጠው የሂደት ቁጥር ነው፣ በየጊዜው ይለያያል። ኢንተር ስትሉ $ ይመለሳል።

& መጨመሩን ከረሳችሁ ፕሮግራሙን መዝጋት አያስፈልግም። ተርሚናሉ ላይ ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፣ ቀጥሎ ቢ እና ጂ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱ መካከል ነው፦ ኮንትሮልና ዜድ ፕሮግራሙን ባለበት ያደርቀዋል። መስኮቱ ይታያል፣ ክሊክ ሲያደርጉት ግን አይመልስም። ተበላሸ ብለው ኮምፒውተሩን ሪስታርት የሚያደርጉ አሉ፤ ቢጂ ማለት ብቻ ነው የጎደለው።

& ያደረጋችሁትም ቢሆን ተርሚናሉን በኤክስ ምልክቱ ስትዘጉት አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ተርሚናሉ ሲዘጋ ባሽ (ትእዛዞቻችሁን የሚቀበለው ፕሮግራም) በሥሩ ላሉት ሥራዎች ሁሉ የመዘጋት ምልክት ስለሚልክ ነው። ኤግዚት ብላችሁ ከወጣችሁ ግን በተለመደው አሠራር ባሽ ይህን ምልክት አይልክም፤ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ያልተቀመጠ ሥራ ግን ያድናል። ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ማላቀቅ ስትፈልጉ ይህን ተጠቀሙ፦

ሴትሲድ -ኤፍ ጊምፕ >/ዴቭ/ነል 2>&1

ሴትሲድ ፕሮግራሙን ከተርሚናሉ ይለየዋል፣ ቀሪው መልእክቶቹን ይጥላቸዋል። ስለዚህ ስህተት እያደናችሁ ከሆነ ይህን አትጠቀሙ፤ የምትፈልጉትን ጽሑፍ ራሳችሁ እየጣላችሁት ነው።

ፋይሉን ይዞ መክፈት

ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ የፋይሉን ስም ካስቀመጣችሁ ፋይሉን ይዞ ይነሳል። ስሙ ውስጥ ክፍተት ካለ በጥቅስ ክበቡት፤ አለዚያ «የሰርግ ቪዲዮ» የሚል ፋይል «የሰርግ» እና «ቪዲዮ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ይሆንና ሁለቱም አልተገኙም ይባላል። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ምንም ችግር የለበትም፤ ፊደል እየቀያየሩ ከመጻፍ ግን ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ካለ *.ፒዲኤፍ ብሎ ማለፍ ይቀላል። በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት ግድ ካልሰጣችሁ ኤክስ፣ ዲ፣ ጂ፣ ጭረት፣ ኦፕን የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ለተመደበለት ፕሮግራም ይሰጠዋል። ከፋይል ስም ፈንታ አንድ ነጥብ ስታስቀምጡለት ያላችሁበትን ፎልደር በመስኮት ይከፍታል።

ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት አፕኢሜጅ (ሳይጫን የሚነሳ የፕሮግራም ፋይል) ሲሆን ሁለት ነገር ይቀድማል። መጀመሪያ «ሲዲ» ከሚለው ቀጥሎ የፎልደሩን ስም ጽፋችሁ ፋይሉ ወዳለበት ፎልደር ግቡ፣ ከዚያ «ሲኤችሞድ +ኤክስ» ከሚለው ቀጥሎ ስሙን ጽፋችሁ የመነሳት ፈቃድ ስጡት። ስታስነሱት ከስሙ በፊት ./ አድርጉ፤ ሊኑክስ ፕሮግራም የሚፈልገው በተመደቡለት ፎልደሮች ውስጥ እንጂ እናንተ ባላችሁበት ፎልደር አይደለም። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፈቃዱ አይያዝለትም፤ የተለመዱት የፍላሽ ፎርማቶች የሊኑክስን ፈቃድ መመዝገቢያ የላቸውም። ወደ ሆም ፎልደር ገልብጡት።

ኡቡንቱ ከ22.04 ወዲህ አፕኢሜጅ የሚፈልገውን የቆየ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) አብሮ አይጭንም፤ ስህተቱ «ፊውዝ» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። 22.04 ላይ ሊብፊውዝ2ን፣ 24.04 ላይ ሊብፊውዝ2ቲ64ን በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ጫኑ። ብቻውን «ፊውዝ» የሚባለውን ፓኬጅ ግን አትንኩ፤ አዲሱን ፊውዝ3 አስወጥቶ ዴስክቶፑን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

የሚጽፈውን ማንበብ

«ዋርኒንግ» የሚል መስመር ሲጎርፍ አትደንግጡ። በተለይ ጂቲኬ በሚል የሚጀምሩት ደህና የሚሠራ ፕሮግራምም ይጽፋቸዋል። ፈልጉ የምንለው «ኤረር» የሚለውን ነው፣ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ መስመሮች አንዱ ላይ ይገኛል።

«ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ስሙ ተሳስቷል ወይም ፕሮግራሙ አልተጫነም ነው፤ ኡቡንቱ በየትኛው ፓኬጅ እንደሚገኝም ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ፋይሉ አለ፣ የመነሳት ፈቃድ ግን የለውም። ሁለቱን መለየት ካቃታችሁ ወዲያው «ኤኮ $?» በሉ፦ 127 አልተገኘም ነው፣ 126 ተገኝቶ መነሳት አልቻለም። «ኤረር ዋይል ሎዲንግ ሼርድ ላይብረሪስ» ካለ የጎደለው ፋይል ስም እዚያው አጠገቡ ተጽፏል፤ መፈለግ ያለባችሁ ያንን ስም ነው።

ምንም ሳይጽፍ $ ወዲያው ከተመለሰ ስህተት ላይሆን ይችላል። ፋየርፎክስም ሊብሬኦፊስም ቀድሞ የተከፈተ ካለ ለእሱ መልእክት ሰጥተው ይወጣሉ፤ አዲሱ መስኮት ከሌሎች ጀርባ ይኖር ይሆናል።

ጽሑፉ ረዝሞ ካመለጣችሁ ወይም ለሚረዳችሁ ሰው መላክ ካለባችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፦

ቪኤልሲ 2>&1 | ቲ ስህተት.ቲኤክስቲ

እዚህ ቲ ማለት ቲ፣ ኢ፣ ኢ ነው። ስክሪኑ ላይም ይታያል፣ ፋይሉም ውስጥ ይገባል።

ስህተቱ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከሴቲንጉ ከሆነ «ሊብሬኦፊስ --ሴፍ-ሞድ» እና «ፋየርፎክስ --ሴፍ-ሞድ» ተጨማሪዎቹን አጥፍተው ይከፍታሉ። በዚህ ከተከፈተ ጥፋተኛው ኤክስቴንሽን ወይም ሴቲንግ ነው፣ ፕሮግራሙን አውጥቶ እንደገና መጫን ጊዜ ማባከን ነው።

አልነሳ ያለን ፕሮግራም በሱዶ፣ ማለትም በሩት ሥልጣን፣ ማስነሳት በየቦታው የሚሰጥ ምክር ነው፤ እኛ አንመክርም። ዌይላንድ (መስኮቶችን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው አዲሱ ሥርዓት) ላይ ብዙ ጊዜ «ካኖት ኦፕን ዲስፕሌይ» ብሎ ይቀራል። ከሠራ ደግሞ ይብሳል፦ የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች የሩት ንብረት ይሆናሉ፣ በማግሥቱ በራሳችሁ ስም ስትከፍቱት የገዛ ፋይላችሁን ማረም አትችሉም። የሲስተም ፋይል ማረም ከሆነ ዓላማችሁ «ሱዶኤዲት» ከሚለው ቀጥሎ የፋይሉን አድራሻ ጻፉ። ፓስወርድ ስትጽፉ ኮከብም ነጥብም ላይታይ ይችላል፤ ኪቦርዱ አልሞተም፣ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።

ተርሚናሉ ራሱ ድንገት ከደረቀ ከሁሉ በፊት ኮንትሮልና ኪውን ሞክሩ። ሴቭ ለማድረግ የለመደ እጅ ኮንትሮልና ኤስን ይጫናል፣ ያ ደግሞ ተርሚናል ላይ ጽሑፉን ያግዳል። የደረቀው ፕሮግራሙ ከሆነ ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ «ፒኪል» ከሚለው ቀጥሎ ስሙን ጻፉ፤ በጨዋ ደንብ እንዲዘጋ ይጠይቀዋል። ለሊብሬኦፊስ መጻፍ ያለባችሁ ግን «ሶፊስ» ነው፣ ኤስ፣ ኦ፣ ኤፍ፣ ኤፍ፣ አይ፣ ሲ፣ ኢ፤ ውስጥ ውስጡን የሚሮጠው በዚያ ስም ነው። ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ ካልሰማ ከስሙ በፊት -9 ጨምሩ፤ ያኔ ሴቭ ያላደረጋችሁት ይጠፋል።