የዳማሪስኮታን የኦይስተር ዛጎል ክምር ስታዩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አሜሪካ ሜይን ስቴት ውስጥ ዳማሪስኮታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዛ ወንዙ ዳር ግራና ቀኝ የዋባናኪ ህዝቦች (የአካባቢው ነባር ህዝቦች) አያት ቅድመ አያቶች ከ2,200 ዓመት በፊት ገደማ ጀምረው ኦይስተር የሚባለውን ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ የሚኖር የውሃ እንስሳ እየበሉ ዛጎሉን የከመሩበት ቦታ ነው፣ እስከዛሬ ድረስ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰው ግን ስለቦታው ሲያወራ ብዙ ይሳሳታል።

አንደኛ "ባህር የተፋው ነው" ይላሉ። አይደለም። ኦይስተር በተፈጥሮ ሞቶ የተቀበረበት ቦታ ላይ ትንሹም ትልቁም ተደባልቆ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ክዳኖች እንደተገጠሙ ነው የሚገኘው። እዚህ ግን ዛጎሉ ተከፍቶ የተጣለ ነው፣ መሀል መሀሉ ላይ ከሰል አለ፣ የአሳና የእንስሳ አጥንት አለ፣ የሸክላ ስባሪ አለ። መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ።

ሁለተኛው "የድሮ ቆሻሻ ምን ያደርጋል" ማለት ነው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የአካባቢው አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንት ቶሎ ይበላል፣ የዛጎሉ ካልሲየም ግን አሲዱን ስለሚያበርደው ሌላ ቦታ ቢሆን ድራሹ የሚጠፋ አጥንት እዚህ ተጠብቆ ይገኛል። ዛጎሉ ራሱ ተቆርጦ የእድገት መስመሩ ሲታይ በየትኛው ወቅት እንደተለቀመ ይናገራል እኮ! በዚህ ንቀት ምክንያት ነው ዌልባክ የሚባለውና ከ30 ጫማ በላይ ከፍታ የነበረው ክምር ከ1886 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ፋብሪካ ተተክሎበት ተፈጭቶ የዶሮ መኖ የሆነው። ስለዚህ ዛሬ ዌልባክ ሄዳችሁ "ይሄው ነው እንዴ" እንዳትሉ፣ የምታዩት ትራፊውን ነው። ትልቁን ማየት የፈለገ ከወንዙ ማዶ ኒውካስል በኩል ግሊደን የሚባለው አለ፣ እሱንም ውሃው ከስር እየበላው ነው።

እድሜ ላይም ተጠንቀቁ። ዛጎል በካርቦን 14 (በውስጡ በቀረው ካርቦን መጠን እድሜን የማወቂያ ዘዴ ነው) ሲለካ የባህር ውሃ ውስጥ ያለው ካርቦን አሮጌ ስለሆነ ከእውነተኛ እድሜው በመቶዎች በሚቆጠር ዓመት አርጅቶ ሊታይ ይችላል፣ ማስተካከያ ያልተደረገበትን ቁጥር ከከሰል ውጤት ጋር አታወዳድሩ።

ሌላው ለማስታወሻ ብሎ አንድ ዛጎል መዞ መውሰድ ነው። አታድርጉት፣ ክምሩ ላይም አትውጡ። ከስር አንዱ ሲመዘዝ ከላይ ያለው ይናዳል፣ ከተናደ ደግሞ የትኛው አጥንት ከየትኛው ከሰል ጋር እንደነበረ ማንም አርኪዮሎጂስት መልሶ ሊያውቀው አይችልም።