ውሻዬ ቡቺ በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ እንዳትረበሽ ምን አደረግሁ

ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ በሴስና 172 ስንነሳ ቡቺ በሞተሩ ጩኸት ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ስንወርድ ደግሞ ጆሮዋን እየቧጠጠች ታለቅሳለች። ሁለቱ የተለያየ ችግር ነው። ለጩኸቱ የውሻ ጆሮ መከላከያ ገዛሁ፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ምግቧን ስትበላ እያደረግሁላት ለመደችው። ለጆሮዋ ግፊት የረዳው ቀስ ብሎ መውረድ ነው፦ በደቂቃ 500 ጫማ የነበረውን ወደ 300 ዝቅ አደረግሁ። ባለቤቴም አጠገቧ ተቀምጣ የሚታኘክ ነገር ትሰጣታለች፤ ስትውጥ ጆሮዋ ይከፈታል። አሁን ሳናርፍ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ማሰሪያው ደረቷን የሚይዝ ይሁን፣ ከኋላ ወንበር ቀበቶ ጋር በአጭሩ የታሰረ። በአንገቷ በፍጹም እንዳታስሯት፤ አየሩ ሲንጥ ያንቃታል። ክብደቷንም ከጭነቱ ስሌት ውስጥ አስገቡ።