ትንሹን የገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ማሳደግ፦ ለጤና በጎ አድራጎት ለሚሠሩ አዘጋጆች

ለአንድ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተጀመረ ዝግጅት፣ የእግር ጉዞም ይሁን የሙዚቃ ምሽት ወይም የስፖርት ውድድር፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሻገረው አብዛኛውን ጊዜ በአዘጋጆቹ ዘመድ አዝማድና ወዳጆች ድጋፍ ነው። በሁለተኛው ዓመት እነዚሁ ሰዎች ተመልሰው ይመጣሉ፤ በሦስተኛው ግን ከፊሎቹ ይቀራሉ፣ የመጡትም ቢሆኑ በየዓመቱ መጠየቁ ይከብዳቸዋል። በዚህ ጊዜ የአዘጋጅ ኮሚቴው የመጀመሪያ ሐሳብ ሰፋ ያለ አዳራሽ መከራየት፣ ስመ ጥር ድምፃዊ መጋበዝ ወይም ቲሸርት ማሳተም ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ወጪን በእርግጠኝነት ይጨምራሉ፤ ገቢን መጨመራቸው ግን አጠራጣሪ ነው። ትንሽ ዝግጅት የሚያድገው መድረኩ ስለሰፋ ሳይሆን ሌላ ሰው ጠይቀው የሚያመጡ ሰዎች ስለበዙ ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ እምነት ነው።

የታወቁ የጤና ገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶችን አነሣሥ ላጤነ ሰው ነገሩ ግልጽ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1985 ጎርደን ክላት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአሜሪካ ታኮማ ከተማ በሚገኝ የመሮጫ ሜዳ ላይ 24 ሰዓት ሙሉ ሲዞር ውሎ አደረ፤ ወዳጆቹም ገንዘብ እየከፈሉ ለግማሽ ሰዓት ያህል በየተራ አብረውት ሮጡ፣ ተራመዱ። ለአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የተሰበሰበው 27,000 ዶላር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዝግጅቱን ያሳደገው ሐኪሙ ሁለት ቀን መሮጡ አልነበረም፤ 19 ቡድኖች ተቋቁመው አባሎቻቸው እየተፈራረቁ መዞራቸው ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚካሄደው «ሪሌይ ፎር ላይፍ» የተወለደው ከዚህ ነው። በካናዳም በካንሰር ምክንያት አንድ እግሩን ያጣው ወጣት ቴሪ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር እየሮጠ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ በሽታው ወደ ሳንባው በመዛመቱ ለማቆም ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት ሲያርፍ በስሙ የተጀመረው ሩጫ የመመዝገቢያ ክፍያ የለውም፣ አሸናፊም አይሸለምበትም፤ ጥቂት ሰዎች በየትኛውም ሰፈር ተሰባስበው ሊያካሂዱት የሚችሉት ቀላል ነገር በመሆኑ ገና በመጀመሪያው ዓመት 300,000 ያህል ሰው ተሳተፈበት።

ከዚህ በተቃራኒ ዕድገት ሳይሆን ማዕበል የሆኑ ዘመቻዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ በራስ ላይ የማፍሰሱ ዘመቻ ለአሜሪካው የኤኤልኤስ (ነርቭን እየጎዳ ጡንቻን የሚያዳክም በሽታ) ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል፤ ለምርምር የዋለው ገንዘብ ፍሬ ማፍራቱ አይካድም፣ ሆኖም በቀጣዩ ዓመት ሲደገም ከመጀመሪያው ጋር ሊተካከል ከቶ አልቻለም። ማዕበል ከመጣ መቀበል ነው፤ የዓመቱን ዕቅድ በእርሱ ላይ መመሥረት ግን አይገባም።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ስለ ማሳደግ ከመነጋገር በፊት ያለፈውን ዝግጅት ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። በዚህ ገጽ ላይ መታየት ያለበት አጠቃላይ ገቢው ሳይሆን የተጣራው ነው፤ ምክንያቱም ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ የሚደርሰው እርሱ ብቻ ነው። አንድ ዝግጅት 100,000 ሰብስቦ 20,000 ቢያወጣ ድርጅቱ 80,000 ያገኛል። በቀጣዩ ዓመት «አድጎ» 160,000 ቢሰበስብና ለአዳራሽ፣ ለድምፅ መሣሪያና ለኅትመት 90,000 ቢያወጣ ለድርጅቱ የሚቀረው 70,000 ነው። ሕዝቡ በዝቷል፣ ፎቶው አምሯል፣ ኮሚቴው ደክሟል፤ ታካሚዎቹ ግን ካምናው ያነሰ አግኝተዋል። በነፃ የተገኙ ነገሮችም፣ ለምሳሌ አንድ ወዳጅ ያለ ክፍያ ያዋሰው አዳራሽ፣ በሒሳቡ ውስጥ ዋጋቸው ተገምቶ መመዝገብ አለባቸው፤ ያ ወዳጅ በሚቀጥለው ዓመት ባይኖር ዝግጅቱ ራሱን ይችል እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር የመጣው ሰው በማን አማካይነት እንደመጣ ነው። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ «ማን ጋበዘዎት?» የሚል አንድ መስመር ብቻ መጨመር ይበቃል። መልሶቹ ሲደመሩ አብዛኛው ተሳታፊ በጥቂት ሰዎች ግብዣ የመጣ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ከነዚያ ጥቂት ሰዎች መካከልም በኮሚቴው ውስጥ የሌሉ፣ ማንም ያላመሰገናቸው ይገኙባቸዋል። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።

የቡድን መሪዎች

የዝግጅቱ ዋና ሥራ እዚህ ላይ በመሆኑ በስፋት መነጋገሩ ተገቢ ነው። የቡድን መሪ ማለት በራሱ ስም ወይም በመሥሪያ ቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በማኅበሩ ስም ቡድን አቋቁሞ ሰዎችን የሚጋብዝና ከወዳጆቹ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ነው። አሥር መሪዎች እያንዳንዳቸው ስምንት ሰው ቢያመጡ 80 ተሳታፊ ይገኛል፤ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ቢጠፉ እንኳ 64 ይቀራል። ሁሉንም ጥሪ በራሱ የሚያደርግ ኮሚቴ ግን ሊቀ መንበሩ በታመመ ሳምንት ባዶ እጁን ይቀራል።

መሪ ለመሆን የተሻለው ሰው የግድ ሀብታሙ ወይም ታዋቂው አይደለም። በበሽታው ምክንያት ሰው ያጣ፣ ታማሚ የሚያስታምም ወይም ራሱ ታክሞ የዳነ ሰው ለመጠየቅ ምክንያት አለው፤ ጠያቂው ምክንያቱን ሲናገር የሚሰማው ሰው እምቢ ማለት ይቸግረዋል። ነገር ግን ኀዘን ላይ ያለን ሰው ወዲያውኑ ወደ ሥራ መጎተት ተገቢ አይደለም። ለጥቂት ወራት መታገሥ፣ ከዚያም ግብዣውን አቅርቦ ውሳኔውን ለእርሱ መተው ይሻላል።

ግብዣው በጅምላ መልእክት ሳይሆን በስልክ ወይም በአካል መደረግ አለበት። ለሁሉም የተላከ መልእክት ማንንም አይጠይቅም። በስልክ የሚባለው ቃል አጭርና የተቆረጠ ይሁን፦ «ባለፈው ዓመት ከእህትዎ ጋር መጥተው ነበር፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ አምስት ሰው ያለው ቡድን ቢያቋቁሙልን እንወዳለን። ለመጀመር የሚሆን መልእክት እኛ አዘጋጅተን እንልክልዎታለን፣ በየሁለት ሳምንቱም እንደውልልዎታለን።» ቁጥሩ መጠቀሱ፣ የሚደረገው እገዛ መነገሩና ጊዜው መገለጹ «እስቲ አስብበታለሁ» የሚለውን መልስ ይቀንሳል። እሺ ላለ ሰው ደግሞ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ ማብራሪያ ይሰጠው፤ የድርጅቱ ሥራ፣ ገንዘቡ የሚውልበት ዓላማ፣ ቀኑና ቦታው፣ የክፍያ መንገዱ፣ ጥያቄ ሲኖር የሚደወልበት ቁጥር ከተጻፈበት ይበቃል።

ለመሪዎች ሊነገራቸው የሚገባ አንድ ተግባራዊ ምክር አለ፤ መጀመሪያ የራሳቸውን ስጦታ ያስመዝግቡ፣ ቀጥሎ በጣም የሚቀርቧቸውን ሁለትና ሦስት ሰዎች ይጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ሰፊው የወዳጅ ክበብ ይውጡ። ባዶ መዝገብ የቀረበለት ሰው ያመነታል፤ አራትና አምስት ስም ያለበትን ያየ ደግሞ የሌሎቹን መጠን ተመልክቶ የራሱን ይወስናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ስጦታዎች መጠን ለቀጣዮቹ መለኪያ ይሆናል ማለት ነው።

ከድርጅቱ ጋር መስማማት፣ የታማሚን ክብር መጠበቅ

የድርጅቱን ስምና አርማ ከመጠቀም በፊት በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። በዚያው ስምምነት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ይገለጽ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ፦ «ለአንድ የኩላሊት እጥበት መሣሪያ» ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሊውል አይገባም። ገንዘቡ ለመሣሪያው ባይበቃ ወይም ከዋጋው ቢተርፍ ምን ይደረጋል? መልሱ በጥሪው ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ካልተጻፈ በኋላ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። «በቅድሚያ ለመሣሪያው ግዢ ይውላል፤ ገንዘቡ ባይበቃ ወይም ቢተርፍ ለታካሚዎች መድኃኒት ይውላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

የታማሚ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ስለሚነካም ብዙ አዘጋጆች ያለ ልክ ይጠቀሙበታል። ፎቶ፣ ስም ወይም የሕመም ዓይነት የሚገለጸው ባለቤቱ፣ ልጅ ከሆነም አሳዳጊው፣ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱንም በፈለገው ጊዜ መሰረዝ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ስለ በሽታው የሚጻፈውን ሁሉ የድርጅቱ ባለሙያ ይመልከተው። «በእርስዎ ስጦታ ይድናል» የሚል ተስፋ ማንም አዘጋጅ ሊሰጥ አይችልም፤ የሚቻለው ስጦታው ምን እንደሚገዛ መናገር ነው።

የገንዘብ አያያዝ

አንድ ዝግጅት ከወዳጆች ክበብ ሲወጣ፣ ገንዘቡ በአንድ ሰው ቦርሳ መዋሉ ያበቃል። በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ይቀበላል፣ ሌላው ተከታታይ ቁጥር ካለው ጥራዝ ደረሰኝ ይቆርጣል። ቀሪው በጥራዙ ላይ ይቀራል፤ የተበላሸ ደረሰኝም አይቀደድም፣ «ተሰርዟል» ተብሎበት በቦታው ይቀመጣል። በመጨረሻ ሁለቱ አብረው ይቆጥራሉ፣ ድምሩን ከደረሰኞቹ ጋር ያመሳክራሉ፣ በወረቀት ጽፈው ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ገንዘቡንና ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ለገንዘብ ያዡ ያስረክባሉ። ልዩነት ከተገኘ እንዳለ ይመዝገብ እንጂ ከኪስ ተሞልቶ አይደበቅ። በባንክ ወይም በሞባይል የሚገባውም በግለሰብ ሒሳብ ሳይሆን ድርጅቱ ባወቀው ሒሳብ ይግባ፤ ከሒሳቡ ለማውጣትም ሁለት ፊርማ ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ለሃምሳ ሰው ዝግጅት የበዛ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ከተነሣ በኋላ የሚጀመር ሥርዓት ማንንም አያሳምንም።

ስፖንሰሮችን በተመለከተ ከገንዘብ ይልቅ ዕቃና አገልግሎት መጠየቅ ለትንሽ ዝግጅት ይቀላል፤ ወጪን የሚተካ እርዳታ በቀጥታ ወደ ተጣራው ገቢ ይገባልና። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የማመሳሰያ ስጦታ ነው፦ አንድ ለጋሽ እስከ ተወሰነ ጣሪያና ቀን ድረስ ሌሎች የሚሰጡትን ያህል እንደሚሰጥ ቃል ይገባል። ጣሪያውና ቀኑ በግልጽ ይነገር፤ ለጋሹ በማንኛውም ሁኔታ የሚሰጠውን ገንዘብ «ማመሳሰያ» ብሎ ማቅረብ ግን ማታለል ነው። የሲጋራና የአልኮል አምራቾችን ገንዘብ ከጤና ድርጅት ስም ጎን ማቆምም፣ ገንዘቡ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ኋላ የሚያስከፍለው ይበልጣል።

ሰው ሲበዛ ኃላፊነቱም ይበዛል። የቦታና የሕዝብ መሰብሰቢያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ባለሙያ፣ የመጸዳጃ ቤት ብዛት፣ ዝናብ ቢመጣ የሚደረገው ሁሉ በጽሑፍ ይታቀዱ። ዝግጅቱ የጤና በመሆኑ ከተሳታፊዎቹ መካከል ታማሚዎች ይኖራሉ፤ ስለዚህ በየመንገዱ መቀመጫ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መተላለፊያ፣ ለደከመው የሚያቋርጥበት አጭር መስመር ያስፈልጋል።

ከዝግጅቱ በኋላ

አብዛኛው ኮሚቴ ዝግጅቱ ባለቀበት ምሽት ይበተናል። ሆኖም የቀጣዩ ዓመት ገቢ በአመዛኙ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ለጋሽ ምስጋና ይድረሰው፤ ለቡድን መሪዎች የሚሆነው ምስጋና ደግሞ በስልክ ወይም በእጅ ጽሑፍ ይሁን። በሳምንት ውስጥ የተሰበሰበው፣ የወጣውና ለድርጅቱ የተላለፈው ገንዘብ ይገለጽ፤ ውጤቱ ከታሰበው ቢያንስም እንኳ ይገለጽ። ከጥቂት ወራት በኋላ ድርጅቱ በገንዘቡ ምን እንደሠራ የሚያስረዳ አጭር መልእክት ይላክ፣ በዚያ መልእክት ግን ገንዘብ አይጠየቅ። ሰው ዝግጅቱን የሚተወው ስለሰለቸው ብቻ አይደለም፤ የሰጠው ወዴት እንደገባ ሳይሰማ ሲቀርም ይተወዋል።

የሚቀጥለው ዓመት ቀን በዝግጅቱ ዕለት፣ ሕዝቡ ሳይበተን ቢነገር ይመረጣል፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ ሳምንት ላይ መዋሉም ሰዎች ቀኑን ከወዲሁ እንዲይዙ ይረዳል። ኮሚቴው ትዝታው ሳይደበዝዝ በሳምንቱ ተሰብስቦ የአቅራቢዎችን ዋጋ፣ የፈቃድ ደብዳቤዎችን ቅጂ፣ የቡድን መሪዎችን ዝርዝርና የተፈጠሩ ችግሮችን በአንድ ፋይል ያደራጅ። የሰዎች ስልክና አድራሻ ያለበት ዝርዝር ባለቤቶቹ ከፈቀዱት ዓላማ ውጭ አይዋል፣ ከኮሚቴውም ውጭ አይውጣ። ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ የሚሆኑ ሰዎችም ዝግጅቱ ከመድረሱ በፊት ምክትል ይመረጥላቸው፤ ምክትሎቹም በአንድ ዙር አብረው ሠርተው በሚቀጥለው ዓመት ኃላፊነቱን ይረከቡ።