ጢያን ከነልጆች በአንድ ቀን አይቶ መመለስ፦ እንዴት?

ልጆቼ የጢያን ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ከመማሪያ መጽሐፍ ያውቋቸዋል። አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጽሑፍ። ድንጋዮቹ ፊት ሲቆሙ ግን ትንሿ መጀመሪያ ያለችው «ከአባዬ ይረዝማል» ነው። ልክ ነች። እስከ 5 ሜትር የሚደርስ አለ።

ጢያ በጉራጌ አገር፣ ሶዶ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ እስከዚያው ድረስ አስፋልት ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት ለመግባት ይመቻል። እኛ ሦስት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያውን አበላሽተነዋል፣ የምነግራችሁም ከዚያ የተማርነውን ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ቅዳሜን ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ክትፎው ይቀርባችኋል፤ ጉራጌ አገር ደርሶ ያለ ክትፎ መመለስ ደግሞ ያስቆጫል። ከወራቱ ክረምቱን ዝለሉት፤ ድንጋዮቹ ያሉት ሜዳ ላይ ነው፣ ጭቃ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ መንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቁ። «ቆይ» ካላችሁ ቆዩ፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም።

ቀጥሎ መኪናውን፣ በተለይ ስኮርታውን

ዘይት፣ ውኃ፣ ፍሬን ሁሉም ያያል። ስኮርታ ጎማውን ግን ማን ያያል? እኔ አላየሁም። በመጀመሪያው ጉዞ የአዋሽን ድልድይ እንዳለፍን የኋላው ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን አወጣሁ፣ መኪናውን አነሳሁ፣ ስኮርታውን ከሥር ጎተትኩት። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ዳቦ ገባ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር አዝኖልኝ እኔንም ጎማውንም ጭኖ ጎሚስታ ጋ አደረሰኝ። ሁለት ሰዓት እዚያው አለቀ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የቀኑን ዳቦ ቆሎ በሙሉ ጨረሱት።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ስኮርታውን አስነፉ። ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ። ጥሬ ብር ያዙ፤ ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለመኪና ጠባቂ ዝርዝር ያስፈልጋል። ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ሶፍት፣ ለሕፃን ቅያሪ ልብስ። ዳቦ ቆሎውን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ደብቁ፣ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ

ብዙ ሰው በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ እያየ ይሄዳል። የጥንት ሰዎች ቅሪት የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ ይቆማል፣ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም ይገባል፣ ጢያ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ርቧቸዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፀሐይዋ ነው። የድንጋዮቹ ቅርጽ ጥልቅ አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም፣ ቅርጹ ድንጋዩ ውስጥ ይሰምጣል። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ መስመር ጉልህ ብሎ ይወጣል።

ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። በጀሞ አድርጋችሁ ዓለም ገና ስትደርሱ ቀጥታ ከሄዳችሁ ጅማ መንገድ ነው። ወደ ግራ ታጠፉና የቡታጅራን መንገድ ያዙ። ሳትቆሙ ጢያ ድረስ ንዱ። «ሳትቆሙ» ያልኩት ልጆችን ሳይጨምር ነው፤ ሽንት ቀጠሮ አያከብርም። ከብትና አህያ መሀል መንገድ ላይ ስለሚውሉ አትፍጠኑ።

ድንጋዮቹ ጋ

በሩ ላይ ትኬት ትቆርጣላችሁ። አስጎብኚ ያዙ፤ ያለ እሱ የምታዩት የቆመ ድንጋይ ብቻ ነው።

ጢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። 36 ድንጋዮች አሉ፣ ከእነሱ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ይሄ ቁጥር ለልጆች ጨዋታ ነው። «ቅርጽ የሌላቸውን አራቱን ፈልጉ» ብላችሁ ልቀቋቸው። ሩብ ሰዓት ትንፋሽ ታገኛላችሁ። መንካትና መውጣት ክልክል መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከቅርጾቹ ጎልቶ የሚታየው ጎራዴ ነው። አስጎብኚዎች የጎራዴው ብዛት ከድንጋዩ ሥር የተቀበረው ሰው የገደላቸውን ጠላቶች ብዛት ያሳያል ይላሉ። ወንዱ ልጄ ሳይነካ ጣቱን አየር ላይ እያደረገ ቆጠረ። ከዚያ ጎራዴ ወደሌለው ዞረና «ይሄኛውስ ማንንም አልገደለም?» አለ። አስጎብኚው ሳቀ። ክቦችም አሉ፣ እንሰት ነው የሚሉት ቅርጽም አለ፣ ትርጉማቸው ግን እስካሁን አልተፈታም። ለልጆች ይህንን ደብቃችሁ መልስ አትፍጠሩ፤ ያልተፈታ ነገር መሆኑ ራሱ ይስባቸዋል።

ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ነው። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩ እግራቸውን አጥፈው፣ በእናት ማህፀን እንዳለ ሕፃን ተጠቅልለው የተቀበሩ ሰዎች አግኝተዋል። ይህን መስማት ለሚያስፈራው ልጅ ይለፍ።

የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግራኝ አሕመድ ግን የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ ድንጋዮቹ ከእሱ በፊት የቆሙ ናቸው። እኛ አገር ትልቅ ድንጋይ ቆሞ ካያችሁ ወይ ግራኝ ነው ወይ መላእክት።

ምሳ

ወደ ከተማ ከመመለስ ይልቅ ትንሽ ወደፊት ሂዱ፣ ቡኢ ናት። ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ቆጮ። ለልጆች ለብለብ እዘዙ፣ ሚጥሚጣው ለብቻው ይምጣ። ሹፌሩ ጥሬውን በልክ ይብላ፤ በጠገበ ሆድ መሪ መያዝ እንቅልፍ ነው።

ስትመለሱ አንዱን ብቻ

አዳዲ ማርያምንና መልካ ቁንጡሬን ሁለቱንም ላድርስ ካላችሁ ይመሽባችኋል። ምረጡ።

አዳዲ ማርያም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሥራዋ የላሊበላን ይመስላል፤ አፈ ታሪኩም ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ አቧራማውን መንገድ መግባት አለ። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ያዙ። አያት አብረው ካሉ ይህን ምረጡ፤ እናቴ ከጉዞው ሁሉ የምታነሳው እሷን ነው።

ልጆች ብቻ ከሆኑ መልካ ቁንጡሬ ይሻላል። አዋሽ ዳር ነው፣ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም፣ ሙዚየሙ በጎጆ በጎጆ የተከፈለ ስለሆነ አያሰለችም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጩት ጋር የዓለም ቅርስ ሆኗል። ባልጩት የቦታው ስም ነው፤ ያ ስለታም ጥቁር ድንጋይ እዚያ ሞልቷል፣ የጥንት ሰዎች ለመሣሪያነት ፈልጠውታል። ለልጆቻችሁ አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ እዚያ አካባቢ ከ700,000 ዓመት በፊት ጭቃ ላይ የረገጡ ትንንሽ ልጆች የእግር ዱካ ተገኝቷል። የእኔዎቹ ይህን ሰምተው የራሳቸውን ጫማ አውልቀው አፈሩ ላይ ማተም ጀመሩ። አልከለከልኳቸውም።

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ተነሡ። ጨለማ ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት አለ፣ ሳይመሽ መግባት ግድ ነው። ዓለም ገና ስትደርሱ መኪናው መጠጋጋት ይጀምራል፣ እስከ ጀሞ ይቆማል፣ ይላወሳል፣ ይቆማል። ከኋላ «ደረስን?» ይመጣል። የደበቃችሁትን ዳቦ ቆሎ አሁን አውጡት።