የድሮ ኮምፒውተር ፍጥነት እንዴት ይሰላል? ፋይል ከመገልበጣችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ቤት ከቁም ሳጥን አናት ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አወረድን። ውስጡ 4 ጊጋባይት የሚሆን የቤተሰብ ፎቶ አለ። ሠርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎችም አሉበት። ፍላሽ ሰክቼ መገልበጥ ልጀምር ስል አጎቴ «አንተ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መብራት ሳይሄድ ያልቃል?» አለኝ። ይሄ በግምት የሚመለስ አይደለም። እስክሪብቶና ወረቀት ካለ ግን ቀላል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቢትና ከባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። የፋይል መጠን የምንናገረው በባይት ነው፤ የገመድና የኔትወርክ ፍጥነት ግን አብዛኛውን ጊዜ በቢት ይነገራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ትንሿ ቢ ቢት ናት፣ ትልቋ ቢ ባይት። እቃው ላይ ያለውን ስታነቡ መጀመሪያ ፊደሏን እዩ፣ ቁጥሩን ከዚያ በኋላ። ቢት ከሆነ ለ8 አካፍሉ። ሁሉንም ወደ ሜጋባይት በሰከንድ ሳታመጡ አታወዳድሩ።

የአጎቴን እንስራ። የኮምፒውተሩ ዩኤስቢ 1.1 ነው። ይሄን ለማወቅ ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ክፍሎች የሚዘረዝርበት መስኮት) ውስጥ ገብታችሁ ከዩኤስቢዎቹ መሀል «ኢንሃንስድ» የሚል ካለ 2.0 ነው፤ ከሌለ በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ላይ 1.1 ነው ማለት ነው። 1.1 በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። ለ8 ሲካፈል 1.5 ሜጋባይት። በተግባር ግን ከመንገዱ የተወሰነው ለመቆጣጠሪያ መልእክት ስለሚውል ወደ 1 ሜጋባይት ዝቅ ይላል። 4 ጊጋባይት 4,000 ሜጋባይት ነው፣ ስለዚህ 4,000 ሰከንድ፣ ለ60 ሲካፈል 67 ደቂቃ። ዩኤስቢ 2.0 ቢሆን ኖሮ 480 ሜጋቢት ነው፤ በወረቀት 60፣ በተግባር 30 ሜጋባይት አካባቢ። ያው ፎቶ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ያልቅ ነበር። ፍላሹ ራሱ ቀርፋፋ ካልሆነ ነው ታዲያ። ቦኖው የቱንም ያህል ቢፈስ የጀሪካኑ አፍ ከጠበበ ውሃው የሚገባው በጀሪካኑ አፍ ልክ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ አስሉና ትንሹን ቁጥር ያዙ።

ለ8 ማካፈል የማይሠራበት ቦታም አለ። በድሮው ሲሪያል ፖርት፣ ማለትም ቢቶቹን አንድ በአንድ በሚልከው መሰኪያ፣ እያንዳንዱ ባይት ከፊቱ የመነሻ፣ ከኋላው የማቆሚያ ቢት ስለሚጨመርበት 10 ቢት ይሆናል። ፍጥነቱ በሰከንድ 9,600 ቢት ከተባለ በሰከንድ 960 ባይት ነው። ሃርድ ዲስክ የሚገናኝበት ሳታም እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ሳታ 1.5 ጊጋቢት ይባላል፣ ግን 8ቱን ቢት በ10 ቢት ስለሚልክ የምናገኘው 187 ሳይሆን 150 ሜጋባይት ነው። ከሳታ በፊት በነበረው አይዲኢ (ኤቲኤም ይባላል) ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ቀድሞውኑ በባይት ነው። ኤቲኤ 100 ማለት 100 ሜጋባይት ሲሆን የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ካርድ ግን 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ፍጥነቱ ስምንት እጥፍ ልዩነት!

በስልክ መስመር ኢንተርኔት በሚገባበት በዳያል አፕ ላይ 56 ኪሎቢት ማለት ቢበዛ 7 ኪሎባይት ነበር፤ የስልክ መስመሩ ሲጨመርበት 5 ብናገኝ ደስ ይለን ነበር። 4 ሜጋባይት ዘፈን በ5 ኪሎባይት 800 ሰከንድ፣ ከ13 ደቂቃ በላይ።

ሲዲ ላይ «52 ኤክስ» ይላል። ኤክስ እጥፍ ማለት ነው፤ የምን እጥፍ? ሲዲ በነጠላ ፍጥነቱ በሰከንድ 75 ሴክተር (የመረጃ ቁራጭ) ያነባል፣ እያንዳንዱ ሴክተር 2,048 ባይት፣ ስለዚህ 153,600 ባይት። በ52 ስታባዙት 8 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል፣ ያውም በዲስኩ ውጫዊ ጠርዝ ላይ ብቻ። ወደ መሀል ሲገባ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ጭረት ካለ ደግሞ ይብሳል። የዲቪዲ ነጠላ ፍጥነት ግን 1.385 ሜጋባይት ነው፣ የሲዲውን ዘጠኝ እጥፍ። ስለዚህ 16 ኤክስ ዲቪዲ 22 ሜጋባይት ሲሆን 52 ኤክስ ሲዲን በሩቁ ይበልጠዋል።

እኔ በጣም የምወደው የፍሎፒውን፣ የዚያችን የድሮ ስስ ዲስክ፣ ስሌት ነው፣ ምክንያቱም ማሽኑ ሲሠራ በዓይን ይታያችኋል። ባለ 1.44ቷ ፍሎፒ በደቂቃ 300 ጊዜ ትዞራለች፣ በሰከንድ 5። በአንድ ዙር 18 ሴክተር ከማንበቢያው ጭንቅላት ሥር ያልፋል፣ እያንዳንዱ 512 ባይት። 18 በ512 በ5 ሲባዛ 46,080 ባይት በሰከንድ። ሙሉዋ 1,474,560 ባይት ናት፤ ስታካፍሉት ልክ 32 ሰከንድ። ጭንቅላቱ ከመስመር ወደ መስመር ሲዘል የሚያጠፋው ጊዜ ሲታከል ከዚያ ይበልጣል። 1.44 የሚለው ራሱ የተደባለቀ ቁጥር ነው፤ 1,440 በ1,024 የተባዛ ነው፣ አንዴ በ1,000 አንዴ በ1,024። 1,000ና 1,024ን ማምታታት በጊጋባይት ደረጃ ከ7 በመቶ በላይ ልዩነት ያመጣል። ለደቂቃ ግምት ግድ የለም፣ ፍላሹ ይበቃል ወይ ለሚለው ግን ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። 4 ጊጋባይት አንድ ቪዲዮና 4 ጊጋባይት ትንንሽ ፎቶ እኩል አይፈጥኑም። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ መክፈቻና መዝጊያ ጊዜ አለው። ፋይሉ በሺህ የሚቆጠር ከሆነ ከስሌታችሁ ላይ ሩብ ያህል ጨምሩ።

«ጋሼ፣ በዚህ ከሄድን አንድ ሰዓት ከሩብ አያንሰውም» አልኩት። መብራቱን ስላላመንነው ሌላ መንገድ ያዝን። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ብሎኑን ፈታን፣ አይዲኢ ዲስኩን አወጣን፣ ከአይዲኢ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘነው። ዲስኩ አርጅቷልና በሰከንድ 20 ሜጋባይት ብዬ ያዝኩ፤ 4,000 ለ20፣ 200 ሰከንድ። ፎቶው ብዙ ስለነበር አራት ደቂቃ ፈጀ። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ የእህቱን ሠርግ ማየት ሲጀምር እኔ ሁለተኛውን ኮፒ ወደ ሌላ ፍላሽ እየገለበጥኩ ነበር።